ደወሉ፣ አውራ ዶሮውና ቴምብሩ

ልጅ ሆኜ ከምላላካቸው መልእክቶች ሁሉ የምወደው አንዱን ነበር። አባቴ ሳንቲም በመዳፌ ያስጨብጠኝና «ሮጥ በልና ሁለት ፍሬ ሲጋራ አምጣልኝ» ይለኛል። ከቤታችን ማዶ፣ ከመንገዱ ማዕዘን ላይ፣ አንድ ሱቅ በደረቴ ይቆም ነበር። ሣጥኑን በአንገቱ አንጠልጥሎ ማስቲካውን፣ ክብሪቱን፣ ከረሜላውን፣ ሲጋራውን በየረድፉ ደርድሯል። ፓኮውን የሚከፍትበት ሁኔታ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ቴምብሩን በአውራ ጣቱ ጥፍር ሰንጥቆ፣ ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ፣ ሁለት ፍሬ ብቻ ወደ ላይ ይገፋል። ጊዜው ፊደል ቆጥሬ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ የጀመርኩበት ስለ ነበር ቴምብሩ ላይ የሰፈረውን ለማየት እንጠራራለሁ። ነገር ግን ሁልጊዜ ተቀዶ ነው የማገኘው። አንድም ቀን ሙሉውን አንብቤው አላውቅም።

ይህን ትዝታ የቀሰቀሰብኝ አንድ ዜና ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ፣ ትልልቆቻችን እስከ ዛሬ «ትምባሆ ሞኖፖል» እያሉ የሚጠሩትን የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ሌላ 31 በመቶ ያህል በ434 ሚሊዮን ዶላር ጨመረና ድርጅቱ በእጁ ገባ። እውነቱን ልናገር፤ ዜናውን ስሰማ ከፋኝ። ኒያላ የእኛ ነበር፤ እርሱም ሄደ አልኩ። ነርስ የሆነችው እኅቴ ቡናዋን አስቀምጣ አየችኝና፣ «ሲጋራ ደግሞ አገር አለው እንዴ?» አለችኝ። አባታችን የአገር ውስጡንም የባሕር ማዶውንም፣ በፓኮ ያገኘውንም በነጠላ የለመነውንም ሲያጨስ ኖሮ፣ በመጨረሻ በሳል እንደ ተሰናበተን እርሷም እኔም እናውቃለን። መልስ አጣሁ።

መልስ ሳጣ ማንበብ ልማዴ ነው። ሳነብም ያው ገዢ በዚያው በ2017 ሌላ ድሃ አገር ገብቶ ሌላ «የእኛ» የሚባል ሲጋራ መግዛቱን አየሁ። አገሩ ፊሊፒንስ፣ ሲጋራው «ማይቲ» ይባላል፤ ኃያል ማለት ነው። የዚህን ኃያል አነሣስና አወዳደቅ ለአንባቢ ማቅረብ ፈለግሁ። የምጽፈው እንደ ነጋዴም እንደ ሐኪምም አይደለም። አንድ ታሪክ እንዴት እንደ ተተረከ፣ አተራረኩስ ምን እንደ ደበቀ መመርመር የሐያሲ ሥራ ነውና በዚያ በኩል ልሂድ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

* * *

መጋረጃው የሚገለጠው በ1945 ነው። በዚያ ዓመት በየካቲትና በመጋቢት ጃፓኖችና አሜሪካውያን በማኒላ ጎዳናዎች ላይ ሲዋጉ ከተማይቱ ፈረሰች፤ መቶ ሺህ ያህል ሰላማዊ ነዋሪም አለቀ። ከፍርስራሹ መካከል የአሜሪካ ወታደር ቸኮላቱንና ሲጋራውን ይዞ ብቅ አለ። ነጻነት የታወጀው በሚቀጥለው ዓመት፣ ሐምሌ 4 ቀን 1946 ነው። የአሜሪካ ሲጋራ ግን ከነጻነት ቀድሞ ገብቶ ነበር።

ዎንግ ቹ ኪንግ የተባለ ቻይናዊ ስደተኛ የሲጋራ ፋብሪካውን ያቋቋመው በዚያው በ1945 ነው። ስሙንም «ላ ካምፓና ፋብሪካ ዴ ታባኮስ» አለው። ላ ካምፓና በስፓኝ ቋንቋ ደወል ማለት ነው። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ባለቤቱ ቻይናዊ፣ ገዢው ፊሊፒኖ፣ ተፎካካሪው አሜሪካዊ ሆኖ ስሙ ስፓኛዊ መሆኑ ለምን ይሆን? ትምባሆን በዚያ አገር የመንግሥት ሞኖፖል አድርጋ መቶ ዓመት ያህል፣ እስከ 1880ዎቹ መጀመሪያ ድረስ፣ ገበሬውን በግድ ያስተከለች ስፓኝ ናት። ከዚያ በኋላ «ጥሩ ትምባሆ» ሲባል ለጆሮ የሚጥመው የስፓኝ ቃል ሆነ። ጌታው ከሄደ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ባይቀረው፣ የጌታው ቋንቋ ግን ፓኮው ላይ ቀርቶ ነበር።

አሜሪካኖቹ በተራቸው የራሳቸውን ቃል ተዉ። ከውጭ የገባ ሲጋራ የሚለጠፍበት የቀረጥ ቴምብር ሰማያዊ ስለ ነበር ሕዝቡ «ብሉ ሲል» ብሎ ጠራው፤ ሰማያዊ ማኅተም ማለት ነው። እንግዲህ ቴምብር ምንድን ነው? መንግሥት «ድርሻዬን ወስጃለሁ» ብሎ የሚፈርምባት ብጣሽ ወረቀት ናት። በማኒላ ግን ትርጉሟ ተለወጠ። «ብሉ ሲል» ማለት እውነተኛው፣ ምርጡ፣ የባሕር ማዶው ማለት ሆነ። በኮንትሮባንድ የገባውም በዚያው ስም ተጠራ። ቃሉ ከሲጋራ አልፎ ለሌላው ዕቃ ተረፈ። ብሎ ብሎም ከነጭ የተወለደ፣ ቆዳው የነጣ ሰው «ብሉ ሲል» እስከ መባል ደረሰ። የሰውን ልጅ በቀረጥ ቴምብር የመዘነ ሕዝብ እስከ ዛሬ ሌላ አላጋጠመኝም። ግን ለመሳቅ አንቸኩል። እኛስ «ኦሪጅናል ነው? የውጭ ነው?» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ከዚህ ሁሉ መካከል የላ ካምፓና ፓኮ የድሃ ሲጋራ ሆኖ ኖረ። በማኒላ መኪና በተጨናነቀበት መንገድ ላይ የሚሽሎከለኩ ልጆች ነበሩ። ሲጋራና ከረሜላ የያዘውን የእንጨት ሣጥናቸውን ታ-ካ-ታክ፣ ታ-ካ-ታክ እያሰኙ ገዢ ስለሚጠሩ ስማቸውም በዚያው «ታካታክ» ሆኖ ቀረ። ስለ እነርሱ ሳነብ ያን የሰፈሬን ሱቅ በደረቴ በሌላ ቋንቋ ሲጣራ የሰማሁት መሰለኝ። እነርሱም የሚሸጡት በነጠላ ነው። ድሃ ፓኮ አይገዛም፤ አንድ ፍሬ ይገዛል፤ ስለዚህ ቴምብር የሚባል ነገር ለዓይኑ አይደርስም።

* * *

ወደ ማይቲ ከመዝለቄ በፊት አንድ የቀደመ ታሪክ መተረክ አለብኝ፤ ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው አይገባምና።

ሃሪ ስቶንሂል ከቺካጎ አካባቢ የመጣ የአሜሪካ ጦር መኮንን ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ አገሩ አልተመለሰም። በ1950ዎቹ የፊሊፒንስ መንግሥት በሰሜን፣ በኢሎኮስ አውራጃዎች፣ ገበሬው የቨርጂኒያ ትምባሆ እንዲያለማ ወሰነ። በ1952 እና በ1954 በወጡ ሕጎች ከውጭ የሚገባውን ቅጠል ገደበ፤ ለአገሩ ቅጠል ደግሞ የዋጋ ድጋፍ ሰጠ። ዓላማው መልካም ነበር። ነገር ግን ማስገቢያው የተዘጋበት ዕቃ ዋጋው ይወደዳል፤ ፈቃድ ያለው ደግሞ ይከብራል። ስቶንሂል በትምባሆ ቅጠልና በሲጋራ ፋብሪካው ከበረ። ከሲጋራ ወደ መስታወት፣ ከመስታወት የማኒላን ባሕር ደልድሎ መሬት ወደ ማድረግ ተሻገረ።

መጋቢት 3 ቀን 1962 የፍትሕ ሚኒስትሩ ሆሴ ዲዮክኖ በ42 የብርበራ ማዘዣዎች ቢሮዎቹንና ቤቶቹን አስፈተሹ። ለባለሥልጣናት የተከፈለ ጉቦ የተመዘገበበት «ሰማያዊ መጽሐፍ» ተገኘ ተባለ። አገር ተናወጠ። ታዲያ ምን ሆነ ይመስላችኋል? በጥቂት ወራት ውስጥ ከሥልጣን የተሻሩት ሚኒስትሩ ዲዮክኖ ናቸው! ስቶንሂልም በነሐሴ 1962 ከአገር ተባረረ። በፕሬዚዳንት ማካፓጋል ትእዛዝ አውሮፕላን ላይ ወጣ፤ ለፍርድ ቀርቦ ማን ምን ያህል እንደ ወሰደ ሳይናገር ሄደ። በ1967 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማዘዣዎቹ ሕገ ወጥ ናቸው፣ ከመኖሪያ ቤቶቹ የተወሰዱት ወረቀቶችም በማስረጃነት አይቀርቡም ሲል ወሰነ። ይህ ውሳኔ ዜጋን ከዘፈቀደ ብርበራ የሚጠብቅ ታላቅ የሕግ መሠረት ሆኖ ይጠቀሳል። ዲዮክኖ ራሳቸው በ1972 የማርኮስ የጦር አገዛዝ ሲታወጅ ያለ ክስ ወደ ሁለት ዓመት ታስረዋልና፣ ያ ዓይነት ጥበቃ ለሰው ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ አይተውታል። አዋቂ ጸሐፊ እንኳ ይህን አገጣጠም አይፈጥረውም።

በ1989 አሜሪካዊው ሉዊስ ግሊክ ስለዚህ ሰው ያሳተመው መጽሐፍ በአማርኛ «የሃሪ ስቶንሂል አነሣስና አወዳደቅ በፊሊፒንስ፤ አንድ አሜሪካዊ ትራጄዲ» ሊባል ይችላል። የምጣላው ከርእሱ ጋር ብቻ ነው። ትራጄዲ የሚባለው ታላቅ ሰው በራሱ ጉድለት ወድቆ፣ በመጨረሻ ዓይኑ ተገልጦ እውነቱን ሲያይና ሲናገር ነው። ስቶንሂል ወደቀ እንበል፤ ምኑን አየ? ምኑን ተናገረ? ደግሞስ ለምን «አሜሪካዊ»? ቅጠሉን ያበቀለው፣ ማድረቂያውን በእንጨት ሲያነድ ያደረው፣ መራጩ «ይህ ደረጃው ዝቅ ያለ ነው» ሲለው አንገቱን ደፍቶ የተመለሰው የኢሎኮስ ገበሬ ነው። ትራጄዲ ካለ የእርሱ ነው፤ እርሱ ግን ርእሱ ላይ የለም።

* * *

አሁን ወደ ኃያሉ እንመለስ። የዎንግ ቤተሰብ ኩባንያ ከጊዜ በኋላ ማይቲ ኮርፖሬሽን ተባለ። የስፓኙ ደወል ለእንግሊዝኛው ኃያል ቦታውን ለቀቀ ማለት ነው። ከሚሸጣቸው ሲጋራዎች አንዱ «ጋሎ» ይባል ነበር፤ በስፓኝ አውራ ዶሮ ነው። የዶሮ ውጊያ በሚወደድበት አገር ለድሃ ሲጋራ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም። ዳሩ ግን በካሊፎርኒያ «ጋሎ» የሚባል የወይን ጠጅ ጠማቂ ቤተሰብ አለና «ስማችንን ሰረቃችሁ» ብሎ ከሰሰ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘለቀ። በ2004 ፍርድ ቤቱ ለሲጋራው ፈረደ። ወይንና ሲጋራ የተለያዩ ሸቀጦች ናቸው፤ ዋጋቸውም ገዢያቸውም አይገናኝም፤ ስለዚህ የሚሳሳት ሰው የለም ነው ነገሩ። ውሳኔው በሕግ ትክክል ነው። ሐያሲ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ያነባል። አውራ ዶሮው የዳነው ድሃ ስለሆነ ነው። የዚህን ፓኮ ገዢ ማንም ከባለ ወይኑ ጋር አያምታታውም ተብሎ ተመሰከረለት። እንዲህ ያለ ድል ስንል ደስ ይለናል ወይስ እናፍራለን?

ደወል፣ አውራ ዶሮ፣ ኃያል። ሦስት ስሞች ናቸው፤ አንዳቸውም በታጋሎግ ወይም በኢሎካኖ አይደሉም። ኋላ «የአገር ልጅ» ተብሎ የተለቀሰለት ኩባንያ ለደንበኛው በደንበኛው ቋንቋ አልጠራለትም ነበር።

ትልቁ ነውጥ የመጣው በታኅሣሥ 2012 በወጣው ሕግ ነው። «የኃጢአት ግብር» ይሉታል። እስከዚያ ድረስ ከርካሽ ሲጋራ ፓኮ የሚቆረጠው ኤክሳይዝ 2 ፔሶ ከ72 ሳንቲም ብቻ ነበር። በ2013 ወደ 12 ፔሶ ዘለለ፤ ከዚያም በየዓመቱ እየጨመረ በ2017 ለርካሹም ለውዱም እኩል 30 ፔሶ ሆነ። በነጠላ እናስላው። ከአንድ ፍሬ መንግሥት የሚወስደው ከ14 ሳንቲም የማይሞላ የነበረው 1 ፔሶ ከ50 ደረሰ ማለት ነው። ከገቢው አብዛኛው ለድሃው ሕክምና እንዲውል ሕጉ አዘዘ። እኅቴ ብትሰማ «ይኸው፣ ሕግ ማለት ይህ ነው» ትል ነበር።

ሕጉ ሲወጣ ከገበያው ከዘጠና በመቶ በላይ የያዘው፣ የፊሊፕ ሞሪስና የፎርቹን ትምባሆ ኩባንያ በ2010 የፈጠሩት ሽርክና ነበር። ማይቲ ከዚህ ግዙፍ ጥላ ሥር ብቅ ያለው በዚህ ጊዜ ነው። ግብሩ ሲጨምር ሌላው ዋጋውን ሰቀለ፤ ማይቲ ግን በርካሽ መሸጡን ቀጠለ፤ አጫሹም ወደ እርሱ ጎረፈ። ተፎካካሪዎቹ «እንዴት ይሆናል? ቀረጡ ሲቀነስ ለትምባሆውና ለወረቀቱ ምን ይተርፋል?» እያሉ ጮኹ። ኩባንያው ደግሞ እኛ ትርፋችንን አሳንሰን የምንሠራ የአገር ልጆች ነን ሲል መለሰ።

በ2017 መጀመሪያ የጉምሩክና የግብር ሰዎች መጋዘኖችን ፈተሹ። በፓኮዎቹ ላይ የተለጠፉት ቴምብሮች ሐሰተኛ ናቸው አሉ። ቀድሞ የባሕር ማዶን ክብር ትመሰክር የነበረችው ብጣሽ ወረቀት ተመልሳ መድረክ ላይ ወጣች። ሒሳቡ ቀላል ነው። ፓኮ በወጣ ቁጥር 30 ፔሶ ለመንግሥት ይከፈላል፤ ቴምብሩ ሐሰተኛ ከሆነ ያ 30 ፔሶ ኪስ ውስጥ ይቀራል። ኩባንያው ክሱን ካደ። መንግሥት በሦስት ክሶች በድምሩ ወደ 38 ቢሊዮን ፔሶ ጠየቀ። ፕሬዚዳንት ዱቴርቴ በመጀመሪያ ባለቤቱ ይታሰር አሉ፤ ቆይተው ደግሞ ለሆስፒታሎች ማደሻ 3 ቢሊዮን ፔሶ ከከፈለ ነገሩን እተወዋለሁ አሉ። በመጨረሻ ማይቲ ንብረቱንና ስሞቹን ወደ 47 ቢሊዮን ፔሶ ለሚጠጋ ገንዘብ ለጃፓኑ ትምባሆ ኩባንያ ሸጠ፤ ወደ 30 ቢሊዮን ፔሶውን ለመንግሥት ከፈለ፤ ክሶቹም ተነሡ። ሰባ ሁለት ዓመት የኖረው የቤተሰቡ የሲጋራ ሥራ በዚህ አበቃ።

* * *

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ ዳዊትና ጎልያድን ያዩበታል። ትንሹ የአገር ልጅ ከባዕድ ግዙፍ ጋር ታግሎ፣ በግብርና በሹማምንት ተጠልፎ ወደቀ ይላሉ። ይህ አተራረክ ጨርሶ ባዶ አይደለም። እኩል ግብር የርካሹን ሲጋራ ብቸኛ ጉልበት፣ ርካሽነቱን፣ ይነጥቀዋል፤ በመጨረሻ ያተረፈውም ባዕድ ነው። ነገር ግን ዳዊት የወንጭፉን ድንጋይ ቀረጥ ከፍሎበት ነበር ወይ የሚለውን ጥያቄ ይዘለዋል። ሁለተኞቹ የሌባና ፖሊስ ታሪክ ያደርጉታል። ሌባው ተያዘ፣ ገንዘቡ ተመለሰ፣ ሆስፒታል ይሠራበታል ይላሉ። ይህም የሚያረካ ነው፤ ችግሩ ሌባ መኖሩን የወሰነ ፍርድ ቤት አለመኖሩ ነው። ቴምብሮቹ በእውነት ሐሰተኛ ከነበሩ ማን አሳተማቸው? ማንስ እያየ አሳለፋቸው? ካልነበሩስ ሰው ስለምን 30 ቢሊዮን ይከፍላል? ጥያቄው ከነመልሱ በስምምነቱ ወረቀት ውስጥ ተጠቀለለ።

እኔ የምነቅፈው ይህንን ነው። የስቶንሂልን ታሪክ ከማይቲ ጎን አስቀምጡት። በመካከላቸው 55 ዓመት አለ፤ የመጨረሻው ገቢር ግን አንድ ነው፤ ይኸውም የለም። በ1962 አንዱ በአውሮፕላን ተሸኘ፤ በ2017 ሌላው በሽያጭ ተሸኘ። ሁለቱም ጊዜ ተመልካቹ ምስክሩ ቃሉን ሊሰጥ ነው ብሎ ሲጠብቅ መጋረጃው ተዘጋ። ገንዘብ መመለሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ድሃ አገር 30 ቢሊዮን ፔሶ አይንቅም። ግን ገንዘብ ሲመለስ እውነቱ ካልተመለሰ፣ ቀጣዩ ባለ ፋብሪካ የሚማረው ሕግን ማክበር አይደለም፤ የዕርቁን ዋጋ አስቀድሞ ማስላት ነው።

ለእኅቴ የምሰጠውን መልስ ያገኘሁትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሲጋራ አገር የለውም፤ ልክ ነሽ። የጃፓኑ ኩባንያ የእኛንም የእነርሱንም ሲገዛ የገዛው ባንዲራ አልነበረም፤ በነጠላ ለመግዛት የለመደ እጅ ነው። ያዘንኩት ለጭሱ ከሆነ ተሳስቻለሁ። ነገር ግን አገር ያላት ሌላ ነገር አለች፤ እርሷም ቴምብሯ ናት። በአጫሹና በመንግሥቱ መካከል የተጻፈች አጭር ውል ናት። «ሳንባህን የሚያከስል ነገር ሲሸጥልህ ፈቅጃለሁ፤ በምትኩ ይህን ያህል ወስጃለሁ፤ ስትታመም ዕዳ አለብኝ» ትላለች። ማዘን ያለብን ፋብሪካው ሲሸጥ ሳይሆን ይህች ውል ስትታጠፍ ነው። የማኒላው ታካታክ ልጅም፣ የሰፈሬ ሱቅ በደረቴም፣ አባቴም የዚህች ውል ባለ መብቶች ነበሩ። ማናቸውም አላነበቧትም።

ያን ጊዜ እየተንጠራራሁ ልጨርሳት ያቃተኝ ያቺ ጽሑፍ ትዝ ትለኛለች። ሁለቱን ፍሬ ይዤ ወደ ቤት ስሮጥ፣ የተቀደደው ቴምብር ከሱቅ በደረቴው እግር ሥር ወድቆ ይቀራል። ጎንበስ ብዬ ሁለቱን ቁራጭ ገጥሜ ላነብ እችል ነበር። አባቴ ይጠብቀኝ ነበርና አላደረግሁትም።